ከዕርቁ በፊት ክሱ

አቶ ኃይለገብርኤል ቡዜ እሑድ፣ ኅዳር 13 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ጎረቤታቸውን ጃለኔን ከነአክስቷ አስቁመው፣ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ «ክስ አስገባሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሠፈር የለም። ጠበቃ አይደሉም፤ ዳኛም አይደሉም፤ ነገር ግን ከኦሎምፒያ እስከ ካዛንቺስ ያለ ተቀጣሪ ሁሉ ደንበኛቸው ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚተክለውን ሰው «ውል አለህ?» ይሉታል። በሠርግ ላይ አስተናጋጇን ይዘው፣ «የሙከራ ጊዜ ከአርባ አምስት ቀን አይበልጥም! ከዚያ ወዲያ የሚያባርርሽ ምክንያቱን ይናገራል» እያሉ ወጡን ያቀዘቅዛሉ። ሠፈሩ «ክቡር ሚኒስትር» ብሎ ሾሟቸው፣ ሲመጡ መንገድ ይቀይራል። ጃለኔም ትቀይር ነበር።

አሁን ግን ተይዛለች። ካዛንቺስ በሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ግማሽ ዓመት በእንግዳ ተቀባይነት ከሠራች በኋላ፣ ባለቤቱ አቶ አምኃ «ሙከራሽን አላለፍሽም» ብሎ በመስቀል ማግስት አሰናበታት። አክስቷ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሽማግሌ ቢልኩበት፣ «ጾም እየገባ ነው፤ ከገና በኋላ እንታረቃለን» አለ።

«ገና ሳይደርስ ሦስት ወሩ ያልፋል!» አሉ አቶ ኃይለገብርኤል። «ከዚያ በኋላ ወደ ሥራዬ መልሱኝ ብሎ መክሰስ የለም። ሽማግሌው ይሂድ፤ ክሱ ግን ይግባ።»

«ሽማግሌ ተልኮ ክስ? ነውር አይደለም እንዴ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ። «ለመሆኑ እርስዎ ለራስዎ ምን አመጡ?»

አቶ ኃይለገብርኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔን እሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ያለ ጥፋቴ ሲያሰናብተኝ ሽማግሌ ገባ። ‹ክስ አታስገባ፣ ነገር ይበላሻል› አሉኝ፤ አከበርኳቸው። በአራተኛው ወር ታረቅን። ተሳሳምን፤ በግ ታረደ። የመክሰሻው ጊዜ ግን አልፎ ነበርና ሥራዬ በዚያው ቀረ።»

«የትኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው እንዲህ ያደረጉ?»

«ሰብሳቢው ባለቤትዎ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቅን ሰው ነበሩ። ቀን መቁጠሩን ግን አላሰቡትም።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ መሬት መሬት አዩ። እኒህ ሰው ስንት ዓመት በደጃቸው ሲያልፉ ሰላምታ እንጂ ወቀሳ አላሰሙም። ጃለኔም መንገድ የቀየረችባቸው ጊዜያት አንድ በአንድ ታወሷት።

«ነገ ይዘዋት ይሂዱ» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ በመጨረሻ።

ክሱ በጊዜው ገባ። ፍርዱ ግን ዘገየ፤ አቶ ኃይለገብርኤል ሳይሰሙት ዐረፉ። በለቅሷቸው ዕለት ድንኳን ተካዩን ጠጋ ብላ፣ «ውል አለህ?» ብላ የጠየቀችው ጃለኔ ነበረች።

አቶ ኃይለገብርኤል ቡዜ የራሳቸውን ሥራ አላስመለሱም፤ የጃለኔን ሥራ አስመለሱ።