እማማ ጁኪፓና ቁጭ ያሉት ልጆች

ሰው ቁጭ ብሎ ሲያዩ የሚያማቸው ሰዎች አሉ። በየመንደሩ አንድ ይመደባል፤ በካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ ባፊን ደሴት ዳርቻ ላለችው ለእኛዋ መንደር የተመደቡት ክብርት እማማ ጁኪፓ ናቸው። በር አያንኳኩም። ሰተት ብለው ይገባሉ፣ ድስትሽን ይከፍታሉ፣ "ይሄ ሥጋ ምን በድሎሽ ነው እንዲህ የቀቀልሽው?" ይላሉ፤ ከዚያ የአጋዘን ቆዳና መፋቂያ ያስታቅፉሻል። አንድ ቀን ፖሊሱ ስለ ጠፋ በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ሊጠይቃቸው ሄዶ እስከ ማታ ቆዳ ሲፍቅ ዋለ። ሞተሩ እስካሁን አልተገኘም። ቆዳው ግን አምሮ ወጣ።

እኔ ሲያሲ እባላለሁ፤ የመንደሩ ወጣቶች ደኅንነት አስተባባሪ ነኝ። ምክር ቤታችን ሥራውን ሲሰጠኝ፣ አዳራሹ ውስጥ ወንበር በክብ ደርድሬ ልጆቹ የልባቸውን እንዲያወሩ ጠበቅሁ። ሦስት ልጆች መጡ። ሦስቱም ጫማቸውን ሲያዩ፣ እማማ ጁኪፓ ሳይጠሩ ገቡ።

"እነዚህ ምን ይጠብቃሉ? ጥርስ ሐኪም ነው?"

"እያወራን ነው፣ እማማ።"

"አልሰማሁም።"

በሳምንቱ ወንበሮቹ ተነሥተው ወለሉ ቆዳ በቆዳ ሆነ። ልጆቹም አሥራ አንድ ደረሱ። እማማ የተሰፋውን ያገላብጡና "ፍታው!" "ፍቺው!" ይላሉ። እኔንም ሦስት ጊዜ አስፈትተውኛል፤ በወረቀት ግን አለቃቸው ነኝ።

ሚያሊያ ብቻ አልመጣችም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሕሩ በረዶ ሊሆን ሲል ወንድሟን ጆአሚን ቀበርነው፤ እንዴት እንደሞተ መንደራችን ጮክ ብሎ አይናገርም። ከዚያ ወዲህ ከክፍሏ አልወጣችም። አራት ጊዜ ደወልኩላት። አላነሣችም።

እማማ ይህን ሲሰሙ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ሳያንኳኩ ገብተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ዓይኔ ጠፍቷል፣ ልጄ። እስቲ ይሄን የጅማት ክር መርፌው ውስጥ አስገቢልኝ።"

ሚያሊያ አስገባችላቸው። አመስግነው ወጡ። ደጅ እንደ ወጣን በረዶው ማዶ ነጥብ የምታክል ነገር እያዩ፣ "ያ ፓውሎሲ ነው። ዛሬም ኮፍያውን ረስቷል" አሉኝ። እኔ የሚነዳውን ሞተር እንኳ አላየሁትም።

በማግስቱም ሄዱ፤ በማግስቱም። በአምስተኛው ቀን "ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ነገ አዳራሽ መጥተሽ አስገቢልኝ" አሏት።

መጣች። ፀሐይ የማትወጣበትን ያንን ሁሉ ጨለማ ወር አንገቷን ደፍታ ሰፋች፣ ፈታች፣ ሰፋች። ማንም ምንም አልጠየቃትም።

ፀሐይ በተመለሰች ጊዜ አንድ ጥንድ ጓንት ጨርሳ ለእማማ አቀበለቻቸው። ስፌቱን በጥፍራቸው ፈተሹት፤ የሚፈታ አጡ።

"ላንቺ በጣም ሰፊ ነው። የማን ነው?"

"የጆአሚ።"

እኔ ለእንዲህ ያለው ሰዓት የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስጃለሁ፤ የሥልጠናውን ደብተር ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

"ልክ ነው" አሉ እማማ። "መዳፉ ይሄን ያህል ነበር። የደረቀ ዓሣዬን በሁለት እፍኝ ሙጥጥ አድርጎብኝ የሄደ፣ ሌባ!"

ሚያሊያ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ከጥግ አንዱ ልጅ "የኔን ሞተር ተውሶ፣ ነዳጁን ጨርሶ ነው የመለሰልኝ" አለ። ሌላዋ "እኔንማ..." ብላ ቀጠለች። ባሕሩ በረዶ ከሆነ ጀምሮ ያ ስም እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን እስክንዘጋ ድረስ ተጠራ። ሚያሊያም ጓንቶቹን አጥልቃ፣ እጅጌዋን እየዋጡባት፣ ከሁለት ልጆች ጋር እያወራች ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ከሰዓት ላመሰግናቸው ቤታቸው ሄድኩ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሏቸዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል። ጫማቸውን ቀስ ብዬ አወለቅሁ፤ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። ከዚያ ልጅ ሳለሁ አደርግ እንደነበረው አፍንጫዬን ጉንጫቸው ላይ አድርጌ ጠረናቸውን በረጅሙ ሳብኩ፤ እኛ ዘንድ መሳም እንዲህ ነው።

ዓይናቸውን አልገለጡም።

"አንዱን ጉንጭ ብቻ?" አሉ።

ዞሬ ሌላውንም ሳምኩ።