የአክስቴ ቀጭን እህት

ሰው ሲወፍር ፊት ለፊት ይነገረዋል፤ ሲከሳ ግን የሚወራው ከኋላው ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ወፍራሟን ሴት «ኧረ ተመቸሽ!» እያሉ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጓታል። የከሳችውን «ደህና ዋልሽ» ብለው ያልፉና ትንሽ ራቅ ሲሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በተለይ አሁን፣ ሬዲዮ ጠዋት ማታ ስለዚያ በሽታ በሚያወራበት ጊዜ፣ መርካቶ ውስጥ መክሳት... ብቻ ባይከሱ ይሻላል።

አክስቴ ብርቄ ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች። እኔ ስምንተኛን ከጨረስኩ ወዲህ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጨርቅ አጥፋለሁ። ጨርቅ አያናግርም፤ ለእኔ ተስማምቶኛል። አክስቴ ድሮ የተራው ምልክት ነበረች። መንገድ የጠፋበት ሰው «ወፍራሟ ብርቄ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» ይባል ነበር።

ከዚያ ጉልበቷን አመማትና ሐኪም ቤት ሄደች። «ትንሽ ክብደት ይቀንሱ» አሏት። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በጅምላ ነው። ጭድ ተራ አካባቢ አንዲት ሴት የምትሸጠውን አረንጓዴ ዱቄት ገዝታ ጠዋትና ማታ በሙቅ ውኃ እየበጠበጠች ትጠጣ ጀመር። እህል ተወች። ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ስትመላለስ ትውላለች።

መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ ቀሚሷን ደጋግማ አስጠበበች። ቀጥሎ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ይወድቅ ጀመር። ማበጠሪያዋ ላይ የማየው ፀጉር የአንድ ሰው ብቻ አይመስልም። በጠራራ ፀሐይ «በረደኝ» ትላለች። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ድምጿ ነበር። እሱ አልከሳም። ከጋቢዎቹ ክምር ጀርባ ያ የጥንቱ ወፍራም ድምፅ ሲጠራኝ ዞር እላለሁ፤ የተቀመጠችው ሌላ ሴት ናት። ወንበሯ እንኳ በድሮው ገላዋ ልክ እንደጎደጎደ ነው። መሃሉ ላይ ቁጭ ስትል ዙሪያዋን የቀረው ባዶ ቦታ ሰው ያለበት ይመስላል።

«አክስቴ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኳት።

«ሄጄ ደሜን ሊወስዱ? ተዪኝ እስቲ!»

የተራው ሹክሹክታ ጆሮዋ ገብቶ እሷም ማመን ጀምራለች። የሚያከሳት የምትጠጣው ዱቄት መሆኑን ረስታለች፤ የምትፈራው በሽታውን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ሸዋዬ መጡ። ከፍቼ እየመጡ ለበዓል ነጠላ በብዛት የሚገዙ የድሮ ደንበኛችን ናቸው፤ ከፋሲካ ወዲህ አላየናቸውም። አክስቴ ብርዱ ይዟት ነጠላዋን እስከ አገጯ ጎትታ ተከናንባለች። ጥለቱ አንገቷ ላይ ወጥቷል። ጥለት እንዲህ ወደ ላይ ሲለበስ ለቅሶ መሆኑን ነጠላ ሻጭ እንዴት ይረሳዋል? ብርድ ያስረሳል። እትዬ ሸዋዬ ወንበሩን አዩ፣ አክስቴን አዩ፣ ጥለቱን አዩ።

«ወይኔ ብርቄን!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «እህቷ ነሽ አይደል፣ ልጄ? ቁርጥ እሷን። መቼ አረፈች?»

ጥለቱን ላስተካክል እጄ ተነሳ፤ አፌ ግን እንደወትሮው እምቢ አለ። አክስቴ «አልሞትኩም» ብትል «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» ይከተላል። ይህን ጥያቄ ደግሞ ከሞት አብልጣ ትፈራዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿም ከሳ።

«አዎ፣ እህቷ ነኝ» አለች። «ሰነበተች።»

እትዬ ሸዋዬ አለቀሱ። የብርቄን ደግነት፣ ሳቋን፣ ደንበኛ አያያዟን እያነሱ አለቀሱ። አክስቴ አንገቷን ደፍታ ሰማች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» አለች።

እሳቸው እንደሄዱ ልትነሳ ስትል ተመልሳ ወንበሩ ላይ ወደቀች። እጄን ስባ ደረቷ ላይ አኖረችው። ከአጥንቷ ስር የሆነ ነገር ይመታና ይቆማል፣ ይቆምና ይሮጣል፤ ጨለማ ቤት ውስጥ በሩ ጠፍቶበት የሚደናበር ሰው ይመስላል።

«ውሰጂኝ» አለችኝ። «የራሴን ለቅሶ ተቀብያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?»

ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲላት «ምንም» አለች። ለእሷ ዱቄቱ መድኃኒት አይደለም፤ ቅጠል ነው። ሊጽፍ ጎንበስ ሲል ያ ደረቷ ውስጥ የሚደናበረው ትዝ አለኝ።

«ዱቄት ትጠጣለች!» አልኩ። ማን እንደተናገረ ለማየት ራሴ ዞር ልል ምንም አልቀረኝም።

ደሟ ተወሰደ። ያንንም ምርመራ ራሷ ጠይቃ ተመረመረች፤ የፈራችው በሽታ የለባትም። ዱቄቱ ግን እያስቀመጣት ውኃዋንና ልብ ያለ እሱ በወጉ የማይመታውን ጨው አጥቦ ወስዶታል። «ፀጉሩም ብርዱም የዚሁ ጣጣ ነው» አለ ሐኪሙ። «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ...» ብሎ አልጨረሰውም። አስተኝተው አከሟት። ዱቄቱን እንድትጥል፣ ቀስ በቀስ እንድትበላ፣ ወደፊት መቀነስ ቢያስፈልጋት እንኳ እነሱን እያማከረች ረጋ ብላ እንድትቀንስ መክረው ለቀቋት።

ለገና እትዬ ሸዋዬ ተመልሰው መጡ። አክስቴ የወንበሯን ጉድጓድ እንደ ድሮው ባይሆንም ሞላ አድርጋዋለች። ሴትዮዋ «በስመ አብ!» ብለው የሱቁን በር ያዙ።

«ብርቄ? እህትሽ እኮ... ሞታለች አለችኝ!»

«የሞተችስ እሷ ናት» አለች አክስቴ በዚያ ወፍራም ድምጿ። «እኔ አለሁ።»

እትዬ ሸዋዬ ነጠላቸውን እዚያው አዘቅዝቀው ለቀጭኗ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ጋቢ ውስጥ ቀበርኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ብርቄ።»

«አሜን» ሲል የሰማሁት ግን ያን ቀን የከሳውን ድምፅ ነው።