ፖስተኛው ሦስት ቃል ሲያደርስ

(የሆስፒታል ክፍል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ወንበሩ ላይ ጡረታ የወጣ መምህር ተደላድሎ ተቀምጧል። የሚስቱ ወንድም፣ የቀድሞው ፖስተኛ፣ የዳሌ ቀዶ ጥገና ካደረገ ዐሥር ቀኑ ነው፤ ከዘራውን ይዞ ይንጎራደዳል። በውጭ የመድኃኒት ጋሪ ቅጭል ቅጭል እያለ ያልፋል።)

ፖስተኛ፦ ስማ! ልክ የድሮዋ ብስክሌቴ! ያን ቃጭል ሲሰሙ እኮ ሰዎች ደብዳቤው ሳይደርስ ከደጃቸው ወጥተው ይጠብቁኝ ነበር።

መምህር፦ አበስኩ ገበርኩ! ጭራሽ ሆስፒታል ውስጥ ብስክሌት ይሰማው ጀመር! ና ቁጭ በል አልኩህ!

ፖስተኛ፦ አልቀመጥም አልኩህ! ከማደንዘዣው ወዲህ ጭንቅላቴ ጉም ለብሶ አልነበር? ሐኪሙ፣ «ሽማግሌ እግሩን ሲያፍታታ ሐሳቡም አብሮ ይፍታታል» ብሎኛል።

መምህር፦ ሐኪሙ የሚያውቀው ዳሌህን ነው። የጭንቅላቱን እኔን ጠይቀኝ። አርባ ዓመት ሳስተምር ቆሞ የተማረ አንድ ልጅ አላየሁም።

ፖስተኛ፦ ጥግ ላይ የምታቆማቸውስ?

መምህር፦ እነሱማ ተቀጪዎች ናቸው! ቀልዱን ተውና ስማኝ። ከመውጣትህ በፊት ሲስተር ሦስት ቃል ሰጥታህ «ድገም» ስትልህ ከተደናበርክ ብቻህን የምትኖርበትን ቤትህን እርሳው። እህትህ እኛ ጋ አልጋ አንጥፋልሃለች።

ፖስተኛ፦ የገዛ ቤቴን ዘግቼ፣ ጠዋት ማታ ያንተን ትምህርት ልሰማ?

መምህር፦ ያውም በነጻ! ቁጭ በል። መርፌ፣ ወንበር፣ ብርቱካን። ድገም።

ፖስተኛ፦ (አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።) መርፌ... እ... መርፌ...

መምህር፦ አለቀ! ጨርቄን ማቄን ሳትል ወደ እኛ ቤት!

ፖስተኛ፦ ቆይማ። (ተነስቶ ይራመዳል።) በሩ ጋ መርፌ አደረስኩ። መስኮቱ ጋ ወንበር። መታጠቢያው ጋ ብርቱካን። አየህ? የመንደሩን ሰው ስም ሁሉ የያዝኩት በእግሬ ነው። ቁጭ ካልኩ የራሴም ይጠፋኛል።

መምህር፦ ይሄ መንከራተት እንጂ ማስታወስ አይባልም! ሲስተር ፊትም እንዲህ እየዞርክ ልትፈተን ነው?

ፖስተኛ፦ ተፈተንኩ እኮ።

መምህር፦ መቼ?

ፖስተኛ፦ ጠዋት፣ መተላለፊያው ላይ፣ አብራኝ እየተራመደች። ይኸው የመውጫ ወረቀቴ። (ከኪሱ ያወጣል።)

መምህር፦ ታዲያ እስካሁን ለምን ታደርቀኛለህ!

ፖስተኛ፦ እሷ ናታ! «የሚሸኝህ ሰው ሲመጣ ደግሞ አንተ ፈትነው፤ እሱ ራሱ መንገድ እንዳይጠፋበት» አለችኝ። እስቲ፣ የኔታ፣ ሦስቱን ቃላት በልልኝ።

መምህር፦ እኔን? ያስጠናሁህን? መርፌ፣ ብርቱካን... ብርቱካን፣ መርፌ...

ፖስተኛ፦ ሦስተኛው?

መምህር፦ እንዳትነግረኝ! ምላሴ ጫፍ ላይ ነው።

ፖስተኛ፦ ምላስህ ላይስ አይደለም። ዝቅ በል።

መምህር፦ ጉሮሮዬ?

ፖስተኛ፦ ዝቅ።

መምህር፦ ሆዴ? ሆድ አላልኩም እኮ!

ፖስተኛ፦ ከዚያም ዝቅ! ለነገሩ ሐኪሙ እንዳለው ተነስና ተራመድ። ስትነሳ ታየዋለህ።

(መምህሩ ወንበሩ ላይ እንደተጎለተ ግንባሩን ይዞ ያስባል። ፖስተኛው ቦርሳውን እንደ ድሮው ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይል ይወጣል።)