ፌብሮንያ የአጎቷን የባሕር ሳምንት ልውሰድ አልውሰድ ብላ የዘመተችበት ዜና

በዓላትን እንደ ጨረቃ የሚያዞር፣ ሳምንታትን ግን እንደ ድንጋይ ባሉበት የሚያቆም ጌታ ስሙ ይመስገንና፣ በአንድ ሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት ዓመተ ሰማዕታት፣ በቅብጦች ሰፈር በሹብራ ያለው የሕንጻችን አሳንሰር በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቆሞ በቀረ በዘጠነኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ እመቤተ መርፌ፣ መብረቀ መቀስ፣ ኮሌጅ ሳትረግጥ ሊቃውንትን የምታርም፣ ስታርምም ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ከቶ የማይሆንላት ፌብሮንያ ወለተ ተሬዛ በነገሠች በሃያ ሦስተኛው ዓመት የሆነው ነገር ይህ ነው። ነገሠች ማለት ተወለደች ማለት ነው፤ ከዚያ ሌላ የነገሠችበት ቀን የለምና። ይህንም ዜና የጻፈችው ራሷ ናት፤ ስለ እርስዋ የሚጽፍ ሰው በሰፈሩ ቢፈለግ አልተገኘም።

ግዛቷም በአንድ ወገን በመዳም ኦዴት የሙሽራ ልብስ ቤት ከበሩ ሦስተኛዋ የስፌት መኪና፣ በሌላ ወገን ከእናቷ ጋር በምትኖርበት ሁለተኛ ፎቅ አንዲት መስኮት ነበረች። በሙሽራ ልብስ ቤቱም የጸና ሕግ ነበረ፤ መዳም ኦዴት መርፌ በከንፈራቸው ነክሰው በየዓመቱ እንዲህ ሲሉ ያውጁት ነበርና፦ «ስሙኝ ልጆች! በጾም የሚያገባ የለም፤ አንድ ሳምንት ውሰዱና የፈለጋችሁበት ሂዱልኝ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን እናቷ እንኳ ብትሞት ከዚህ ወንበር የምትነሣ ልጅ ተመልሳ አትቀመጥም። የናንተ እናት ትቆያለች፣ ሙሽራ አትቆይም!»

ስለዚህም ፌብሮንያ በየዓመቱ በጾመ ፍልሰታ ያችን አንድ ሳምንት ትወስድ፣ መስኮቷን ትዘጋ፣ እግሯን ወንበር ላይ ትሰቅል፣ ከኤዝበኪያ አጥር ሥር የገዛቻቸውን ጀርባቸው የተገነጠለ መጻሕፍት ታነብ፣ ማንም ቢጠራት «አቤት» ሳትል ሰባት ቀን ትቀመጥ ነበር። ከዓመቱ ሁሉ የእርስዋ የሆነች ይህች ሳምንት ብቻ ነበረች፤ ሰልፉም የመጣው በዚህች ላይ ነው።

የሰልፉ ምክንያት እንዲህ ነበረ። ከዚያ ቀደም በሃያ አራተኛው ዓመት፣ የእናቷ ወንድም ለቢብ፣ የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ፣ በመቅደስም ከልጅነታቸው ጀምሮ የዘመሩ ዲያቆን፣ «ስጦታ ደርሶዎታልና ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ» የሚል ስልክ ተደውሎላቸው ሄዱ፤ ለስላሳ ወንበር ላይም ተቀምጠው ሦስት ሰዓት የማንጎ ጭማቂ ከጠጡ በኋላ፣ ክዳኗ እስከ ዛሬ ያልገጠመላት አንዲት የግፊት ድስትና ሰው ሁሉ ታይም ሼር የሚለውን፣ ይኸውም በዓመት ሰባት ቀን ያንተ የሚሆነውን፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት ቀን ግን የማታውቀው ሰው በአልጋህ የሚተኛበትን የባሕር ዳር ቤት ይዘው ወጡ። ቤቱም በዓይን ሱኽና፣ የወርቅ ዛጎል በተባለ መንደር ነበረ፤ ሙሴ በብዙ ድካም የተሻገራትን ባሕር እርሳቸው ዳሯ ላይ ሊቀመጡ ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት ፈረሙ።

ሻጩም ከሃምሳ ሁለቱ ሳምንት የቱን እንደሚመርጡ በጠየቃቸው ጊዜ፣ ደረታቸውን ነፍተው «የፋሲካን ነዋ! ማግስቱን ሰኞ የጸደዩን በዓል ሸም ኤል-ነሲም ብለን ዓሣችንንና ሽንኩርታችንን ይዘን ከባሕሩ ዳር ነው እንጂ! ክርስቲያን ሌላ ምን ሊመርጥ ኖሯል?» ብለው አወጁ። ጸሐፊውም እንደ ታዘዘው በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለበትን ሳምንት፣ ከሚያዝያ ዐሥር እስከ ዐሥራ ሰባት፣ ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት ጻፈ። ፋሲካ በየዓመቱ እንደሚዞር ሕፃን የሚያውቀውን ነገር፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲዘምሩት የኖሩት ዲያቆን በዚያች ለስላሳ ወንበር ላይ ረሱት።

በዓመቱም ፋሲካ ወደ ሚያዝያ ሦስት ሸሸ፤ በሚቀጥለው ወደ ሃያ ሁለት አለፈ፤ ሳምንቱ ግን ባለበት ቆሞ አየው። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ ተገናኙ፤ አራተኛውም ዓለምን የዘጋው በሽታ ገብቶ የመንደሩ በር የታሸገበት ዓመት ነበረ። ለቢብም በየዓመቱ «ክቡራን ሆይ፣ በዓሉ ሄዷልና ሳምንቱን አስከትሉልን» የሚል ማመልከቻ ለኩባንያው ይጽፉ ነበር፤ አንድም መልስ አልመጣም። ቢሆንም የተገዛ ነገር አይተውምና በሰሙነ ሕማማት እንኳ ይሄዱ ነበር። በአንድ ዓመት በዕለተ ስቅለት ከመዋኛው አጠገብ ሲሰግዱ፣ ሁለት የሞስኮብ ሴቶች በዋና ልብሳቸው መጥተው፣ የጠዋት ስፖርት መስሏቸው፣ አብረዋቸው መቶ ጊዜ ወደቁ ተነሡ። ለቢብም ሲመለሱ ከደረጃው ሥር ቆመው «ከኔ የእነሱ ይሻላል! ጉልበታቸው እንደ ብረት ነው፤ እግዜር ይቁጠርላቸው!» ብለው አወጁ።

ከዚህም በኋላ፣ ከላይ በተጻፈው ዓመት፣ በጥር ወር በአንዲት እሑድ፣ ቤተ ሰቡ በአራተኛው ፎቅ ለምሳ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ለቢብ ማንኪያቸውን በብርጭቆ ላይ መትተው ይህን አዋጅ ተናገሩ፦ «ጉልበቴ ከድቶኛል፣ መኪናም አልነዳም፤ ከእንግዲህ ባሕር አልወርድም። ልጄ ሙራድ ሜልቦርን ተቀምጦ ‹ባባ፣ እዚህም ባሕር አለ› ይለኛል። ስለዚህ ሳምንቱን ለፊቢ፣ ለፌብሮንያችን አወርሳለሁ፤ በዚህ ቤት ጭንቅላት ያላት እሷ ብቻ ናት። እምቢ ካለች ለኩባንያው እመልሰውና ይገላግለኝ። እስከ እሑድ አስቢበት፣ የእህቴ ልጅ። ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ራሱ ካልመጣ ግን በሩን እንደማይከፍቱ ዕወቂ።»

«ጭንቅላት ያላት እሷ ብቻ» የሚለውን በሰማች ጊዜ የፌብሮንያ አንገት እንደ ሰጎን ረዘመ፤ ለሃያ ሦስት ዓመት ስትጠብቀው የነበረ ቃል ነበርና የቀረውን ግማሽ አልሰማችም። እናቷ ተሬዛም ወዲያው «ውሰጂ እንጂ! ባሕር ዳር ቤት ያላት ልጅ ባል አታጣም!» ብለው አወጁ፤ እርስዋም ከአንገቷ ሳትወርድ «ባልም በዓመት ሰባት ቀን ብቻ ከሆነ እስማማለሁ» ስትል መለሰች፤ ተሬዛም የያዙትን ዳቦ ወረወሩባት። የለቢብ ሚስት ሳሚሓ ግን እንደ ልማዳቸው ሳሕን እየሰበሰቡ ነበር፤ የጠየቃቸውም የለም።

ወእምዝ ፌብሮንያ ስድስት ቀን ምክር ያዘች። በምሳ ሰዓት ከስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ በልብስ መቅደጃ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ መምህር ሳይኖራት ከአሮጌ መጽሐፍ የተማረችውን አበቅቴና መጥቅዕ እያወጣች፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ፋሲካ ቀመረች። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ ዐሥራ ስድስት ስለሚውል ሳምንቱ ሰሙነ ሕማማት ላይ ይወድቃል። በሚመጣው ዓመት ሚያዝያ ስምንት ነው፤ ሸም ኤል-ነሲም ባለፈ ማግስት ቁልፍ ይሰጧታል። በሦስተኛው ሚያዝያ ሃያ ሰባት ነው፤ ዐቢይ ጾም መካከል ትገባለች። በአራተኛው ዓመት፣ እነሆ፣ ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት! በዓሉና ሳምንቱ ተቃቀፉ፤ ግን ያን ጊዜ በጾሙ የታገዱ ሙሽሮች ሁሉ በመዳም ኦዴት በር ይቆማሉ። ከፋሲካ በፊት ሱቁ ሂጂ ይላታል፣ ጾሙ ዓሣ እያሳየ ይከለክላታል፤ ከፋሲካ በኋላ ጾሙ ይለቃታል፣ ሱቁ ያስራታል። «ሆዴ ሲፈታ እጄ ይታሰራል፤ እጄ ሲፈታ ሆዴ ይታሰራል» ብላ በወረቀቱ ግርጌ ጻፈች፤ በጻፈችውም እጅግ ተደሰተች፤ ለጎረቤቷም ሰፊ አነበበችላት፤ ሰፊዋም «እና ዚፑን ጨረስሽው?» አለቻት።

በእሑድም ወደ አራተኛው ፎቅ ዘመተች። የተከተላትም ሠራዊት ይህ ነው፦ በቀኝ እናቷ ተሬዛ፣ ባለ ዳቦ፤ በግራ የደረጃው ድመት፣ አንድ ዓይና፣ ለማንም የማይታዘዝ፤ ከኋላ አንድ ማሰሮ በጨው የተዘፈዘፈ ሎሚ፤ ከጆሮዋ ላይ እርሳስ፤ በብብቷ እምቢ የምትልባቸው ዐሥራ አንድ ምክንያቶች በቀይ፣ የዐሥራ ሁለቱ ዓመት ፋሲካ በሰማያዊ የተጻፉበት ወረቀት። አሳንሰሩ በቆመበትም ስፍራ ሠራዊቱ ትንፋሽ ሊወስድ ሰፈረ።

ከዚያም ወረቀቱን በማዕዱ ላይ ዘርግታ፣ ለቢብ የማስተላለፊያውን ውልና ብዕር ይዘው ሲጠብቋት፣ ዐሥራ አንዱን ምክንያት አንድ በአንድ አወጀች፤ በስምንተኛው ላይም «አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝና ይኼን ውል የፈረመ ሰው ቀን መቁጠሪያ አይቶ አያውቅም» አለች። ለቢብም አንገታቸውን ደፉ፤ ብዕሩን ከድነው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው «እንግዲያ ነገ ኩባንያው ዘንድ ወስጄ እመልሳለሁ» አሉ። ፌብሮንያም አሸነፈች፤ የፍልሰታ ሳምንቷ ዳነች፤ ማንም ግን አላጨበጨበም።

ያን ጊዜ ሳሚሓ የሰበሰቡትን ሳሕን መልሰው አስቀመጡትና በዚያ ቤት ከዚያ ቀን በፊት ያልተሰማ አዋጅ ተናገሩ፦ «ቆይ፣ ቆይ። ሒሳብሽ ጥሩ ነው ልጄ፤ እኔን ግን አልቆጠርሽኝም። በሰሙነ ሕማማት እዚህ ቤት ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ፤ ምንጣፍ ማጠብ፣ መጋረጃ ማውረድ፣ ለአርባ እንግዳ የበዓሉን ብስኩት ካሕክ መጋገር። እዚያ ስንሄድ ግን ጾም ነው፤ የሚበስል የለ፣ የሚጠረግ የለ። ወንበር አውጥቼ ባሕሩን አያለሁ። ቁጭ ያልኩት እዚያ ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሲውልማ ዘመድ ሁሉ ይከተለናል፤ እዚያም ምድጃ ፊት እኔው ነኝ።»

ለቢብም ተነሥተው «ታዲያ ለምን አትነግሪኝም ሴትዮ? ሳምንቱ ይቀየር ብዬ በየዓመቱ ስማጸን!» ብለው አወጁ። ሳሚሓም «ማመልከቻዎቹን ፖስታ ቤት አድርሺ ትለኝ የለ? ከፍራሹ ሥር ናቸው» አሉ። «ሃያ አራቱም?» «ሃያ ሦስት። አንዱን ድመቱ ወሰደው።» «እኔ እኮ ሃያ አራት ዓመት ኩባንያውን ስረግም ኖርኩ!» «እኔም ሃያ አራት ዓመት ‹ደግ አደረጉ› ስል ነበር።» ዲያቆኑም ተቀመጡ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎን ነበር፤ ኋላ ግን የሚስቁ መሆናቸው ታወቀ።

ሳሚሓም ወደ ፌብሮንያ ዘወር ብለው፣ ጣታቸውን በሰማያዊው ጽሑፍ ላይ አሳርፈው፣ «ከዚህ ውስጥ ከፋሲካ በፊት የሚውለው ስንት ነው? እኔ ስድሳ ዘጠኝ ሞልቶኛል። ስንቱን እደርሳለሁ?» ብለው ጠየቁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የቀመረች ሊቅ ይህን አልቀመረችውም ነበር። ወረቀቱንም ዳግመኛ ቆጥራ «ስድስት ነው፣ አክስቴ» አለች፤ እያንዳንዱንም በእርሳሷ ከብባ «ስድስቱንም ይደርሳሉ» አለች፤ ብዕሩንም ከለቢብ ደረት ኪስ መዝዛ፣ ዐሥራ አንዱን ምክንያት ከውሉ ሥር እንደ መደገፊያ አድርጋ ፈረመች። የፍልሰታ ሳምንቷም በዚያች ሰዓት ከእጇ ወጣች።

መዳም ኦዴትም «በጾም ከሆነ ሂጂ፣ ማን ያዘሽ!» አሏት። በሰሙነ ሕማማትም ለቢብ መቅደሳቸውን ይዘው በሹብራ ቀሩ፤ እርሳቸው በመቅረታቸውም አርባው እንግዳ እንደ ጥንቱ የሚመጣ ሆነ፤ ካሕኩም በተሬዛ ላይ ወደቀ። ፌብሮንያና ሳሚሓ በአውቶቡስ ወርደው፣ ባለ ሳምንቷ መታወቂያዋን አሳይታ፣ ሁለቱን ሻንጣዎች ተሸክማ፣ ወንበሩንም ወደ በረንዳው አወጣች፤ ሳሚሓም ተቀመጡ።

በማክሰኞም ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ ተሬዛም ከሹብራ «ሳሚሓን ስጪኝ ቶሎ! ዱቄቱ ስንት ኪሎ ነው? ቅቤውስ ይቅለጥ ወይስ እንዲሁ? እጄ ተጣብቋል እኮ፣ ስልኩን በክርኔ ነው የያዝኩት!» ብለው አወጁ። ሳሚሓ ዓይናቸውን ከውኃው ሳይነቅሉ «ባሕር ላይ ናት በያት» አሉ። ፌብሮንያም የዱቄቱን ልክ አሳምራ ታውቅ ነበር፤ ቅቤውንም ታውቅ ነበር፤ መልሱንም ከነእርማቱ ልትሰጥ አፏ ተከፍቶ ነበር።

ነገር ግን «ባሕር ላይ ናት» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ስለዚህ ትመስገን፣ ከሹብራ ሴቶች ሁሉ ከፍ ትበል፤ ነገሥታት ከተማ ዘጉ፣ ጀግኖች በር ዘጉ፣ በሕማማት ሳምንት ስለ ካሕክ የሚጠይቅ የእናቱን ስልክ የዘጋ ግን ከእርስዋ በፊት አልተነሣም፤ ከእርስዋም በኋላ የሚነሣ ቢኖር መጥቶ እንደ እርስዋ ያውቅ እንደ ሆነ፣ አውቆም እንደ እርስዋ ዝም ይል እንደ ሆነ እናየዋለን።