ጠዋት ጎልፍ፣ ከሰዓት ዋልያ

እኛ የደባርቅ ሰዎች እንግዳን «የለም» ማለት ይከብደናል፤ እኔ አስጎብኚው ደግሞ በዚህ በሽታ አልጋ የያዝኩ ነኝ። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ደውሎ፣ «ሚስቴ ዋልያ ማየት ትፈልጋለች፤ እኔ ግን ጎልፍ ካልተጫወትኩ አልመጣም» ቢለኝ ምን ልበል? «ጠዋት ጎልፍ፣ ከሰዓት ዋልያ» አልኩት።

ዳባት አጠገብ፣ የገና ጨዋታ የምንጫወትበት ሜዳ ላይ አቆምኩት። ኳሷን መታ፣ ተከትሏት ሄደ፣ ደግሞ መታ። ሚስቱ ሰዓቷን አየች። «ይሄ ሰው ከጀመረ አያቆምም፤ ነገ ደግሞ ተመላሽ ነን። ዋልያዬ ቀረ በቃ» አለችኝ።

ሜዳው ዳር ሣር የሚያጭዱት አያ ሙላው ጠሩኝ።

«ከማን ጋር ነው የሚጫወተው?»

«ከራሱ ጋር።»

«ምነው፣ ሰው ጠላው እንዴ?»

እንግዳ ብቻውን ሲጫወት ቆሞ ማየት ነውር አይደል? አያ ሙላው አብረዋቸው የሚያጭዱትን ሰብስበው፣ ቆልማማ ዱላ ይዘው ገቡለት። ኳሷ በሄደችበት ሁሉ ዱላ ወረደ። ሰውዬው ቁርጭምጭሚቱን ተመቶ፣ እያነከሰ ከሁላችን በፊት መኪና ውስጥ ገባ።

«ዋልያው አይረፍድብንም?» አለ።

ሚስቱ የአያ ሙላውን እጅ ይዛ፣ «አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔን አሥር ዓመት ያቃተኝን ነው ያደረጉት» አለቻቸው።

«ምን አደረግን ልጄ» አሉ እሳቸው አዝነው። «የላይ ሰፈሮቹም እየመጡለት ነበር፤ ምነው ቸኮለ?»