እንስላልና ቀይ ወይን በአቶ ከፈለኝ ችሎት

ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ እያንዳንዱ ከተማ ሰው የቀረበለትን በሰላም እንዳይበላ የተመደበ አንድ ሰው አለው። ይህ ሰው ምግብ አይሸጥም፣ ምግብ አያበስልም፤ ሥራው ምን ከምን ጋር እንደሚበላ መፍረድ ብቻ ነው። ሌላው ከተማ የራሱን እንዴት እንደቻለው አይታወቅም። ዲላ ግን ክቡር አቶ ከፈለኝን ይዛ ቁጭ ብላለች።

መምህር ሀብተ ጊዮርጊስ የአጥር ጎረቤታቸው ነው። ቤቱን ሊከራይ የመጣ ጊዜ አከራዩ ስለ ውኃው ፈረቃ ነገሩት፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ነገሩት፤ ስለ አቶ ከፈለኝ ግን ትንፍሽ አላሉም። ገና ዕቃው ከጋሪ ሳይወርድ አቶ ከፈለኝ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው “እንኳን ደህና መጣህ” አሉትና፣ ጋሪ ገፊው በሙዝ እያወራረደ የሚበላውን ዳቦ አይተው ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። “አይታረቁም” አሉ።

“አይታረቁም” የእርሳቸው የመጨረሻ ፍርድ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲዞር ሐዘንተኛውን ትከሻውን ይዘው ካጽናኑት በኋላ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው “ንፍሮውን በሻይ እንዳታወራርደው፣ አይታረቁም” ይሉታል። ሐዘንተኛውም እንባውን ጠርጎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። አንድ ጊዜ ደግሞ ሥጋ ቤት ገብተው፣ ከማያውቁት ሰው ጥብስ አጠገብ የለስላሳ ጠርሙሱን አንስተው ማዶ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ሰውየው ሊጣላቸው ብድግ አለ። እርሳቸው ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው “ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ እኔማ ምን አገባኝ” ሲሉት ግራ ገብቶት ተቀመጠ፤ ለስላሳውንም ሳይጠጣው ሄደ። ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ እንኳ ነርሷን ክኒኑ ከየትኛው ጭማቂ ጋር እንደሚስማማ ጠይቀዋታል። በውኃ ነው የሚዋጠው ብትላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በሽታው የጀመራቸው ሐዋሳ ነው። በጉልምስናቸው የአንድ ሆቴል የምግብ አዳራሽ ኃላፊ ሳሉ፣ ለከበሩ እንግዶች በእንስላል ቅጠል የተሠራ የበግ ጥብስ አቅርበው ከጎኑ ደረቅ ቀይ ወይን ቀዱ። ዋናው እንግዳ አንዴ ጎረሱ፣ አንዴ ተጎነጩና ብርጭቆውን ገፋ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የብረት ቁልፍ የላስኩ መሰለኝ አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አቶ ከፈለኝ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሱትም፤ ሲያወሩት ጆሯቸው ይቀላል።

ጡረታ ወጥተው ዲላ ከገቡ ወዲህ የቀረ ዕድሜያቸውን ለዚሁ ክርክር ሰጡ። ከእንስላል ጋር የሚስማማ ቀይ ወይን በዓለም ላይ አለ ወይስ የለም? ችሎቱ የሚያስችለው እሁድ ከሰዓት በኋላ በገዛ ሳሎናቸው ሲሆን፣ ቋሚ ምስክሩ ሀብተ ጊዮርጊስ ነው። የእንስላል ፍሬ ገብቶበት የተጋገረ ዳቦ ይቆረስለታል፤ ከዚያ ቀይ ወይን በየተራ ይቀዳለታል። ደረቁ እንስላሉን ሲያገኘው ይመርራል፣ ምላስ ያደርቃል፣ እውነትም ቁልፍ ቁልፍ ይላል። ጣፋጩ እንስላሉን ድምጥማጡን ያጠፋዋል። መካከለኛው ጥቂት የተሻለ ይመስልና መጨረሻ ላይ ያኮርፋል። በቅዝቃዜም ሞክረውታል፣ ጠርሙሱን ከፍተው አሳድረውም ሞክረውታል። ይርጋጨፌ ሄደው ቡና ቀማሾች ሲሠሩ ካዩ በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ወይኑን እንደ ቀማሾቹ በማንኪያ በኃይል እየማጉ፣ አፋቸው ውስጥ እያንከባለሉ፣ ቆርቆሮ ውስጥ መትፋት ጀመሩ። ሀብተ ጊዮርጊስም አብሮ እንዲተፋ ተገደደ። ወይን ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም።

እንዲህ ባሉ ጎረቤት የሚቀልድ ሰው፣ አንድ ቀን ጎረቤቱ ለከባድ ጉዳይ እንደሚያስፈልጉት አያስብም። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የሀብተ ጊዮርጊስ የእህት ልጅ ሙሌ ሊያገባ ተነሣ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ አሳድጎ ለቁም ነገር ያበቃው ሀብተ ጊዮርጊስ ነው። የወደዳት ልጅ ሮሆቦት ትባላለች፤ ዲላ አንድ መሥሪያ ቤት አብረው ይሠራሉ። ወላጆቿ ወናጎ ናቸው። አባቷ አቶ ወልደዮሐንስ ቡና ገበሬና የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ቤታቸው መጠጥ የሚባል ነገር አይገባም።

እነሙሌ ኦርቶዶክስ መሆናቸው ብቻውን አላስፈራም፤ ያስፈራው ሌላ ነው። አቶ ወልደዮሐንስ ትልቋን ልጃቸውን ለከተማ ሰዎች ድረው ነበር። እነዚያ ሰዎች ለሠርጉ ሲመጡ ምሳቸውን በመኪና ጭነው መጡ፤ የቀረበላቸውን በጣታቸው እንኳ ሳይነኩ ሄዱ። የሮሆቦት እናት ያን ቀን ጓዳ ገብተው አለቀሱ። አባትየውም ሁለተኛ ልጄን ለሚንቀን ቤት አልሰጥም አሉ። ሮሆቦት ለሙሌ ያለችው ግልጽ ነበር፤ አባቷ እምቢ ካሉ እሷም የለችበትም። ሙሌ ይህን ለአጎቱ ሲነግረው ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሀብተ ጊዮርጊስ ልጁን እንዲህ ሆኖ አይቶት አያውቅም።

ለሽምግልና ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ራሱ ሀብተ ጊዮርጊስ ነው፤ ሁለተኛው ሁሉም የሚያከብራቸው ጡረተኛው መምህር ሲራክ ናቸው። ለሦስተኛው የሙሌ እናት ጽጌማርያም ጊዜ አላጠፋችም፤ አቶ ከፈለኝ አለች። ሀብተ ጊዮርጊስ ደነገጠ። እሷ ግን ምክንያት ነበራት። አቶ ከፈለኝ ወናጎ ነው ያደጉት፤ ጌዴኦኛ እንደ አፍ መፍቻቸው ነው። ልጅ ልትጠይቅ ሄደህ ለእናቲቱ በቋንቋዋ ሰላም የሚላት ሰው እንዴት አትወስድም ብላ ወንድሟን ተቆጣችው። ሀብተ ጊዮርጊስም ሄዶ በአጥሩ በኩል ጠራቸው።

ከዲላ ወናጎ በሚኒባስ ሲሄዱ ሀብተ ጊዮርጊስ አቶ ከፈለኝን አጠገቡ አስቀምጦ ቃል አስገባቸው። ስለ ወይን አይነሣም። ስለሚቀርበው ነገር ፍርድ አይሰጥም። ደግሞም ደንቡን ያውቁታል፤ ሽማግሌ ለጉዳዩ መልስ ሳያገኝ እህል ውኃ አይቀምስም። አቶ ከፈለኝ ተቀየሙ። ሕፃን ነኝ ወይ አሉና እስኪደርሱ ድረስ በመስኮት ቡናውንና እንሰቱን እያዩ ዝም አሉ። ሀብተ ጊዮርጊስ ዝምታቸውን አላመነውም።

ቤቱ ንጹሕና ሰፊ ነበር። አቶ ወልደዮሐንስ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀበሏቸው። አቶ ከፈለኝ የሮሆቦትን እናት በጌዴኦኛ ሰላም ሲሏቸው ሴትዮዋ ፊታቸው በራ፤ ሀብተ ጊዮርጊስም እህቱን በሆዱ አመሰገነ። ተቀመጡ። እጅ ታጠቡ። ከዚያ እናትየው በኮባ የተጋገረ ትልቅ ዳቦ ይዘው ብቅ አሉ። ኮባው ገለጥ ሲል የእንስላል ሽታ ቤቱን ሞላው። ቀጥሎ ደግሞ በጆግ ጥቁር ቀይ መጠጥ መጣ።

ሀብተ ጊዮርጊስ የአቶ ከፈለኝ አፍንጫ ቀና ሲል አየ። ወዲያው ጫማቸውን ረገጠ።

መምህር ሲራክ ጉዳዩን በወግ አቀረቡ፤ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። አቶ ወልደዮሐንስ አዳምጠው ሲጨርሱ ወደ ዳቦው እያመለከቱ እስቲ መጀመሪያ ብሉ አሏቸው። እዚህ ላይ ሀብተ ጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠረገ። ደንብ አዋቂነቱን የሚያሳይበት ጊዜ የደረሰ መስሎት “ጉዳያችን ሳይመለስ አንዲት ጉርሻ አንቀምስም” አለ፤ በአባባሉም ደስ አለው።

እናትየው ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ለባላቸው በጌዴኦኛ አንድ ነገር አጉረመረሙና ወደ ጓዳ ዞሩ። የአቶ ወልደዮሐንስ ፊት ጠቆረ።

“ሰምተናል” አሉ። “እንጸልይበታለን።”

ሀብተ ጊዮርጊስ በዚህ አገር ረጅም ዘመን ኖሯል። እንጸልይበታለን ተብሎ እሺ የሚሆንበት ድምፅ አለ፤ ይሄ ያ ድምፅ አልነበረም። ምን እንዳጠፋ አላወቀም እንጂ ማጥፋቱን አወቀ። ዲላ ላይ ስልኩን በእጁ ይዞ የሚጠብቀው ሙሌ ትዝ አለው፤ ምን ብሎ እንደሚነግረው ጠፋው።

ይህን ሲያስብ ነው የአቶ ከፈለኝ እጅ ከጎኑ አልፎ የሄደው። ከዳቦው ገምሰው ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። ከጆጉ ለራሳቸው ቀድተው፣ ማንኪያ ስላልነበረ ከብርጭቆው፣ እንደ ይርጋጨፌ ቀማሽ ቤቱ እስኪሰማው ማጉት። የመምህር ሲራክ ከዘራ ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ተንጋጋ።  ሀብተ ጊዮርጊስ ሁለት ነገር ፈራ፤ አንደኛው ያች “አይታረቁም” የምትለው ፍርዳቸው ነበረች። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ አቶ ከፈለኝ መጠጡን አፋቸው ውስጥ እያንከባለሉ በዓይናቸው ጠረጴዛው ሥር ቆርቆሮ ይፈልጉ ነበር።

ዋጡት። ደግመው ጎረሱ፣ ደግመው ተጎነጩ። ወደ ጓዳው በር ዞረውም በጌዴኦኛ ተጣሩ። እናትየው ብቅ ሲሉ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ምን እንደሆነ ጠየቋቸው።

“ዘቢብ ነው፤ ወይን አይደለም” አሉ ሴትዮዋ ፈራ ብለው።

አቶ ወልደዮሐንስ ቀጠሉላቸው። ለቤተ ክርስቲያን የጌታ እራት ዘቢቡን የሚያፈሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ ለቤትም እንደዚያው ይሠራሉ። አያሰክርም፣ አይቦካም፤ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ከዚያ በኋላ አቶ ከፈለኝን የሚያቆማቸው ጫማ አልተገኘም። ሀብተ ጊዮርጊስ ቢረግጥ ቢረግጥ አልሰሙትም። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በጌዴኦኛ አድርገው ሁሉንም ዘረገፉት፤ ሆቴሉን፣ በጉን፣ ቁልፉን፣ የአዳራሹን ሳቅ፣ እሁድ ከሰዓቱን፣ መትፊያ ቆርቆሮውን ሳይቀር። ያን ሁሉ ጠርሙስ ሲያገላብጡ ኖረው ያጡት ቀይ፣ ምላስ የማያደርቅ፣ እንስላሉን የማይውጥ፣ መጠጥ በማይገባበት ቤት በጆግ ተቀምጦ ሲጠብቃቸው እንደነበር ተናገሩ። ሲናገሩም ፍርፋሪው በኮታቸው ላይ ይረግፍ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ዓይኑን ጨፍኖ መጨረሻውን ጠበቀ።

የሰማው ግን ሳቅ ነው። አቶ ወልደዮሐንስ መጀመሪያ በትከሻቸው ሳቁ፤ ታሪኩ ቁልፉ ላይ ሲደርስ አልቻሉም፣ መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጓዳ ሮጡ፤ ሌላ ዳቦ ይዘው ተመለሱና ትልቁን ቁራሽ አቶ ከፈለኝ ፊት አስቀመጡ። መምህር ሲራክም ከዘራቸውን አንሥተው፣ ከእንግዲህ ደንቡ ፈርሷል ብለው ቆረሱ። ሀብተ ጊዮርጊስ ጎረሰ። ተጎነጨ። እውነትም ልዩ ነገር ነበር።

ሳቁ ጋብ ሲል አቶ ወልደዮሐንስ ወደ እሱ ዞሩ።

“እውነቱን ልንገራችሁ” አሉ። “ዛሬ እምቢ ልላችሁ ነበር። ደንባችሁን አውቃለሁ፤ ሽማግሌ ሳይመለስለት አይበላም። ግን በዚህ ቤት ሰው ምግባችንን ሳይነካ ሄዶብን ያውቃል። ቅድም ባለቤቴ ያለችውን ሰምታችኋል?”

ሀብተ ጊዮርጊስ ጌዴኦኛ እንደማይሰማ ተናገረ።

“እነዚህም አይነኩልንም ነው ያለችው። ይሄ ሰውዬ ግን ይሰማል።”

ሀብተ ጊዮርጊስ ቀስ ብሎ ወደ አቶ ከፈለኝ ዞረ። እርሳቸው ይህን ሁሉ የሚያዳምጡ አይመስሉም። እናትየውን አጠገባቸው አስቀምጠው ዘቢቡ ከመፍላቱ በፊት ይዘፈዘፍ እንደሆነና እንዳልሆነ ይጠይቃሉ። እጃቸውን ወደ ዳቦው የላከው የሴትዮዋ ቃል ይሁን የእንስላሉ ሽታ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ሊያውቅ አልቻለም። በገዛ አንደበቱ፣ ደንብ አከበርኩ ብሎ የልጁን ትዳር ሊያፈርስ ምን ያህል እንደቀረው ሲገባው ግን አፈረ። 

“ልጄን ሰጥቻለሁ” አሉ አቶ ወልደዮሐንስ። “ጌታ ይባርካቸው።”

መምህር ሲራክ አሜን ብለው ተነሥተው እጅ ነሡ። ሀብተ ጊዮርጊስም ተነሣ። እፎይ አለ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳይል።

አቶ ወልደዮሐንስ አሁንም ዓይናቸው ከአቶ ከፈለኝ ላይ አልተነሣም። አንድ ነገር ቀርቶኛል አሉ። ልጅ ሲሰጥ ዝምድና ተጣርቶ መታወቅ አለበት፤ ሀብተ ጊዮርጊስ አጎት መሆኑን ሰምተዋል፣ መምህር ሲራክም የቤተሰቡ ወዳጅ መሆናቸው ተነግሯቸዋል።

“ይሄ ሰውዬስ?” አሉ። “ምናችሁ ነው?”

ሀብተ ጊዮርጊስ አቶ ከፈለኝን አያቸው። ጢማቸው በዘቢቡ ቀልቷል፤ ኮሌታቸው ላይ የእንስላል ፍሬ ተጣብቋል።

“ወንድሜ ነው” አለ። “ታላቄ።”