በማን ፈቃድ?

ኃይለሚካኤል፦ ባለሥልጣን ሰው አይደለም አልኩህ።

ቦጂያ፦ ሰው ካልሆነ ታዲያ ማን ያነጋግረናል ጋሼ?

ኃይለሚካኤል፦ መሥሪያ ቤቱ።

ቦጂያ፦ መሥሪያ ቤት አፍ አለው?

ኃይለሚካኤል፦ የለውም። ለዚህ ነው በጽሑፍ የሚጠየቀው።

[ጋሽ ኃይለሚካኤል ከልደታ ፍርድ ቤት አጥር ማዶ፣ ሁለት ሽቦው በተሰበረ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ሲጽፉ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ራፖር ጸሐፊ ናቸው። ሕግ ከዳኞቹ በላይ አውቃለሁ ይላሉ፤ ዳኞቹ ግን እስካሁን ወሬው አልደረሳቸውም። ፊታቸው በርጩማ ላይ የተቀመጠው ቦጂያ የአብነት ሰፈር በያጅ ነው። በኪራይ ማሽን የሰው በርና መስኮት ሲበይድ ኖሮ፣ የራሱን ማሽን ሊገዛበት የነበረውን የዕቁብ ዕጣ አክሲዮን እሸጥልሃለሁ ላለው ሰውዬ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው የለም፣ ማሽኑም የለም። ዛሬ ጠዋት መጥቶ ገና ሰላም ብሎ «ጋሼ፣ የካፒታል ገበያውን ባለሥልጣን ዘንድ እንሂድ» ከማለቱ ጋሽ ኃይለሚካኤል ወረቀት አወጡ። ባለሥልጣን እንደ ታመመ ዘመድ ተነሥተው የሚጠይቁት ነገር እንዳልሆነ ሊያስረዱት ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው።]

ኃይለሚካኤል፦ አሁን ዝም በል፣ ልጻፍልህ። የአባት ስም?

ቦጂያ፦ ጂራታ። ግን ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት…

ኃይለሚካኤል፦ «አመልካች ቦጂያ ጂራታ፣ ሰነደ መዋዕለ ንዋይን በሚመለከት…»

ቦጂያ፦ ኧረ እሱን ያውጡልኝ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አልነካሁም።

ኃይለሚካኤል፦ የምን ቤተ ክርስቲያን?

ቦጂያ፦ ንዋየ ቅድሳት አሉ አይደል?

ኃይለሚካኤል፦ መዋዕለ ንዋይ ነው ያልኩት። አክሲዮን ለማለት ነው። ሼር።

ቦጂያ፦ ታዲያ ሼር አይሉም?

ኃይለሚካኤል፦ ሼር ብዬ ብጽፍ ማን ይከፍለኛል?

[ቦጂያ ነገሩን ከመጀመሪያው ሊያወራላቸው ፈለገ። ሰውዬው ብየዳ ቤቱ ድረስ እንደመጣ፣ የሚያብረቀርቅ መጽሔት እንደያዘ ጀመረ። ጋሽ ኃይለሚካኤል አቋረጡት። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና አቋረጡት። «ታሪክማ ሁሉም ሰው አለው፣ የሌላችሁ ሕግ ነው» አሉት። ደንበኛ በተደናገረ ቁጥር ደስ ይላቸዋል፤ ቦጂያ ደግሞ ዛሬ በጣም ደስ አሰኝቷቸዋል።]

ኃይለሚካኤል፦ ዋናው ጥያቄ መጣልህ። ሼር ሻጭ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሰውዬውን «በማን ፈቃድ ነው የምትሸጠው?» ብለህ ጠየቅከው?

ቦጂያ፦ ጠየቅኩት እንጂ።

[ጋሽ ኃይለሚካኤል ብዕራቸውን አቆሙ። ይህን ከቦጂያ አልጠበቁም።]

ኃይለሚካኤል፦ ምን አለህ?

ቦጂያ፦ በሱፍቃድ።

ኃይለሚካኤል፦ [ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው] በሱ?

ቦጂያ፦ [ቀና ብሎ አይቶ] አዎ፣ ፎቅ ላይ ነው። ሰንጋ ተራ፣ ስድስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ አይሠራም።

ኃይለሚካኤል፦ እግዚአብሔርን ነው የምልህ፣ አንተ ሰውዬ።

ቦጂያ፦ እሱ ደግሞ ምን አደረገ ጋሼ?

[ጋሽ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ሳቁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ብዙ የተታለለ ሰው አይተዋል፤ በፈጣሪ ፈቃድ ሼር ገዝቶ የመጣ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። «ተጠሪ የፈጣሪን ስም በንግድ ፈቃድነት በመገልገል» ብለው አሳምረው ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት።]

ኃይለሚካኤል፦ ስማኝ ቦጂያ። ፈቃድ ማለት ማኅተም ያለው ወረቀት ነው። እግዚአብሔር ማኅተም የለውም።

ቦጂያ፦ በሱፍቃድ ግን አለው። ክብ ነው፣ ሰማያዊ።

ኃይለሚካኤል፦ [እንባቸውን እየጠረጉ] አይ አንተ። እኔን እይ፣ እኔም ሼር አለኝ። የተማረ ሰው ግን ሲገዛ አጥንቶ ነው። ለመሆኑ ይኸው ፈቃድህ ስልክም ሰጠህ?

ቦጂያ፦ ሰጥቶኝ ነበር። አሁን አይነሳም።

ኃይለሚካኤል፦ የአባት ስምም አለው በለኛ።

ቦጂያ፦ አለው እንጂ። በሱፍቃድ ቤካ።

[ሳቁ መሐል ላይ ቀረ።]

ኃይለሚካኤል፦ በሱፍቃድ… የሰው ስም ነው?

ቦጂያ፦ የሰው ነው። ባለሥልጣን ሰው አይደለም፣ በሱፍቃድ ሰው ነው።

ኃይለሚካኤል፦ ቀጠን ያለ? ሱፍ የሚለብስ?

ቦጂያ፦ ግራጫ ሱፍ። ለካ ፈቃዱ ሱፉ ነው።

[ጋሽ ኃይለሚካኤል ሰውዬውን አወቁት። በሱፍቃድ ከፋሲካ በኋላ እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። «የእርስዎ ዓይነት የሕግ ሰው ፀሐይ ላይ መዋል አልነበረበትም» ብሎ የእጅ ጽሑፋቸውን ሲያደንቅ፣ ውሉን ሳያነቡ ፈረሙለት። የሰጡት ብር ይህን ጃንጥላ ጥለው አንዲት ክፍል ሊከራዩበት ያጠራቀሙት ነው። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በትሕትና ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ነገረቻቸው። ደግመው ደወሉ፣ እሷም ደገመችላቸው። መጀመሪያ ፈሩ፣ ቀጥሎ አፈሩ፤ ዕፍረቱ ሲበዛባቸው ተቆጡ።]

ኃይለሚካኤል፦ አንተስ የማታውቀውን ሰው ምን ብለህ ታምናለህ?

ቦጂያ፦ እኔማ አላመንኩትም ነበር። ፈቃዱን ስጠይቀው ስሙን ነገረኝ፣ ግራ ገባኝና ሦስት ቀን አመላለስኩት። በመጨረሻ ከኔ በፊት የገዙትን ሰዎች ዝርዝር አሳየኝ። መጀመሪያው እርስዎ ነበሩ፣ በገዛ እጅ ጽሑፍዎ። ጋሽ ኃይለሚካኤል ሕጉን ሳያዩማ አይገቡም ብዬ ከፈልኩ።

[ጋሽ ኃይለሚካኤል የጻፉትን ወረቀት ገልብጠው አስቀመጡት።]

ኃይለሚካኤል፦ ይህን እያወቅክ ነው እስካሁን የምታስለፈልፈኝ?

ቦጂያ፦ ልነግርዎ ስጀምር መቼ አስጨረሱኝ? ማመልከቻ ይጻፉልኝም አላልኩ፣ እንሂድ ነው ያልኩት። እኔ ትናንት መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ፎርሙን ወስጃለሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በደንብ አነጋገረችኝ፣ ሌላም የተታለለ ካለ አብራችሁ ኑ አለች። ብሩን እናገኘው እንደሆን አላውቅም፤ ሁለት ሆነን ስንጮህ ግን ይሻላል። ለእርስዎም አንድ ፎርም ይዤልዎታለሁ።

[ጋሽ ኃይለሚካኤል ብዕር አነሡ፤ ከየት እንደሚጀምሩ ግን ጠፋባቸው። ቦጂያ ብዕሩን ከእጃቸው ተቀብሎ፣ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ አመቻቸና በዚያ በበያጅ ፊደሉ ቀስ እያለ ይሞላ ጀመር። ስም ጠየቃቸው፣ ነገሩት። አድራሻ ጠየቃቸው፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ጃንጥላው ሥር አሉት። በዚህ ሁሉ ዓመት ጽፈው ሲያስፈርሙ እንጂ ሲጻፍላቸው የመጀመሪያቸው ነው።]

ቦጂያ፦ አሁን አንድ ብቻ ቀረን። «ግዢውን የፈጸሙት በማን ምክር ነው?» ይላል። እኔ በኔኛው ላይ የእርስዎን ስም ሞላሁ። በእርስዎ ላይ የማንን ልሙላ?

[ጋሽ ኃይለሚካኤል ሲገዙ ያማከሩት ሰው አልነበረም።]

ኃይለሚካኤል፦ እዚያም ላይ የኔኑ ጻፍ።